የአባቴ ብዕሮችና የሉህ ቀለም

ርካሽ ቀለም የራሱ ሽታ አለው። ውድ የሚባለው ምን እንደሚሸት አላውቅም፣ ገዝቼው አላውቅምና፤ ይህ ከወልዲያ ሱቆች የምገዛው ሰማያዊ ግን፣ ብዕር ልጠብ ብዬ ለብ ያለ ውሃ በብርጭቆ ቀድቼ ጫፉን ስነክረው፣ የዛገ ብረትና የረጠበ ወረቀት የሚመስል ሽታ ይዞ ይነሣል። ያን ጊዜ ወልዲያ ካለው ቤቴ ወጥቼ መርሳ እገባለሁ፤ ከአስፋልቱ ዳር፣ አባቴ ልብስ ይሰፋበት ከነበረው በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ፤ የጭነት መኪና ሲያልፍ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ አባቴም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አንድ ብዕር ወደ ብርሃን አንሥቶ ይመረምራል።

ዛሬ እኔም አሥራ አንድ ብዕሮች አሉኝ። ሁሉም ቀለም የሚሞሉ፣ ሁሉም ርካሽ ናቸው፤ አሥራ አንዱም ተደምረው የአንድ ደህና ጫማ ዋጋ አያወጡም። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ለመፈረም ክዳን ስፈታ ባዩኝ ቁጥር «ሐዋ መሐላ ልትፈጽም ነው» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። በደንብ የተሞላ ብዕር ሳይጫኑት ወረቀቱ ላይ ሲፈስ እጅ የሚሰማውን ደስታ ላስረዳቸው ሞክሬ ስላልሆነልኝ ትቼዋለሁ፤ ያስተማረኝ ሰውም ቢሆን በቃል አስረድቶኝ አያውቅም።

አባቴ ሰይድ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረም። የመጀመሪያውን ብዕር ያገኘው የአንድ መንገደኛ ሱሪ አሳጥሮ ሰውየው በዋጋው ፈንታ ሲሰጠው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ እንደ ፍቅር ያዘውና በየገበያው ከቁልፍና ከባትሪ ድንጋይ ጋር ተደባልቀው የሚሸጡትን የቻይና ብዕሮች እየለቀመ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ያጠራቅማቸው ጀመር። እንደ በሬም ስም ያወጣላቸው ነበር። ጥቁርና ነጩ ቡሬ ነበር፣ ግራጫው ዳለቻ፣ አንገቱ ተሰንጥቆ በክር የታሰረው ቀዮ፣ ኪስ ውስጥ ቀለም የሚያንጠባጥበው ደግሞ አልቃሻው። እናቴ ይህን ስትሰማ ማሾፏን አትተውም ነበር።

«አንቱ ሰውየ፣ ወንድሞችዎ በሬ ይጠምዳሉ፣ እርስዎ ብዕር ይጠምዳሉ። ምን ሊበቅልልን ነው በነቢ?»

«ፊደል ይበቅላላ!» ይላትና ሁለቱም ይስቃሉ። እናቴ ፊደል ስለማታውቅ መልሱ ሙሉ በሙሉ ያስደሰታት አይመስለኝም።

መስከረም ሲጠባ በረንዳችን በተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅ ይሞላ ነበር። አባቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ልጆቹን ይለካል፣ ሰዓዳ ደግሞ ከአጠገቡ ተቀምጣ ልኩን ደብተር ላይ ታሰፍራለች። ሰዓዳ ታላቅ እህቴ ናት፤ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። ጽሕፈቷ ከመምህሮቿ ጽሕፈት ይበልጥ ያምር ስለነበር ቡሬን ከአባቴ ሌላ የምትነካው እሷ ብቻ ነበረች። እኔ የተፈቀደልኝ አልቃሻው ነበርና ከመስከረም እስከ ሰኔ ጣቶቼ ሰማያዊ ነበሩ።

ማሽላው ተወቅቶ ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ ሲገባ አባቴ የስፌት መኪናውን በጋሪ አስጭኖ ገበያ ይዞር ነበር፤ ዛሬ ግራና ከሆነ ነገ ውርጌሳ፣ አንዳንዴም ርቆ እስከ ሐራ ይሄዳል። ለእሱ ሰበቡ ሥራ ነበር፣ ልቡ ግን ብዕር ፍለጋ ላይ ነበር። ዋጋ መጀመሪያ አይጠይቅም፤ ብዕሩን ይከፍትና ጫፉን በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ሄድ መለስ አድርጎ መቧጠጥ አለመቧጠጡን ይሰማል፣ ቀጥሎ በምራቁ አርሶ መዳፉ ላይ አንድ መስመር ይስባል፣ መስመሩ ሳይቆረጥ ከሄደ ብቻ «ስንት ትለዋለህ?» ይላል። ሻጮቹ አውቀውት ስለነበር ገና ከሩቅ ሲያዩት «ሰይድ ሰፊው መጣ፣ የብዕር ምላስ መርማሪው!» ብለው ይጠሩት ነበር። የተጣመመ ጫፍ ቢሆንም ይገዛል፤ ቤት አምጥቶ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ስምንት ቁጥር እያስጻፈ ያለሰልሰዋል፣ የጫፉን ስንጥቅ በሐር ክር ያጸዳዋል፣ ትናንት የተጣለ ብዕር ሳምንት ሳይሞላው እንደ ውሃ ይፈስ ነበር።

የበጋ ዓርቦች የእጥበት ቀን ነበሩ። ከጁምዓ ሲመለስ ሦስት ኩባያ ውሃ በተርታ እናስቀምጥለታለን፤ ብዕሮቹ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው እየተሸጋገሩ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ይታጠባሉ። ጎረቤት ካለችው የብርቱካን ማሳ ሽታው ይመጣል፣ እናቴ ከጓዳ ሆና ትነቁረናለች፣ ሰዓዳ የታጠቡትን በጨርቅ ታደርቃለች። ደስተኛ ልጅ ነበርሁ፤ ደስተኛ መሆኔንም አውቅ የነበረ ይመስለኛል።

ይህን ያበላሸው ትምህርት ነበር። ሰዓዳ መርሳ ያለውን ትምህርቷን በጥሩ ውጤት ጨርሳ ለመቀጠል ወልዲያ ሄዳ ቤት መከራየት ነበረባት፤ አባቴም አይሆንም አለ። «ሴት ልጅ ብቻዋን ቤት ተከራይታ አትቀመጥም፤ ከእኔ ጋር ትሰፋለች» አለ፣ በቃ። እሷ አላለቀሰችም፣ አልለመነችም፤ ቡሬን ቆርቆሮው ውስጥ መለሰችና ከዚያ ቀን ጀምሮ የደንበኛ ልክ ስትጽፍ በእስክሪብቶ ነበር። እልኸኝነቷን የወረሰችው ከማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እንዲህ ሁለት ዓመት ሰፋች። ከዚያ አንድ የጥር ጠዋት ፓስፖርቷን ይዛ፣ ጅዳ ወዳለችው የአክስታችን ልጅ ዘንድ፣ ለእናቴ ብቻ ነግራ ሄደች። አባቷን ተሰናብታ፣ ጉልበቱን ስማ፣ ምርቃት ተቀብላ አልነበረም።

አባቴ ሲሰማ አልጮኸም። የብስኩቱን ቆርቆሮ ከድኖ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀለው፣ ዓርብም እንደ ማንኛውም ቀን ሆነ። ስሟን እፊቱ መጥራት ቀረ። ክረምቱ አለፈ፣ መከሩ ተሰበሰበ፣ ደግሞ ሌላ ክረምት መጣ። እናቴ ሲመሽ ሲነጋ የምትጨነቀው ለአንድ ነገር ነበር፤ ልጄ ያለ አባቷ ምርቃት በሰው አገር ምን ይገጥማት ይሆን፣ አባቷስ እንዲህ ተቀይሞ ሞት ቢቀድመው እያለች። እኔም አሥር ዓመቴ ነበርና ከእናቴ ፍርሃት ፍርሃት ተምሬ፣ አባቴና እህቴ ሳይታረቁ እንዳይቀሩ ማታ ማታ ዱዓ አደርግ ነበር።

ነሐሴ ላይ የጎረቤታችን ልጅ ዘሃራ በማግሥቱ ወደ ጅዳ እንደምትሄድ ተሰማ። እናቴ አባቴን ምን ብላ እንደለመነችው አልሰማሁም፤ ብቻ ከምሳ በኋላ አባቴ አረንጓዴ ጨርቅ ቆርጦ የሰዓዳን ልክ ከማንም ሳይጠይቅ ቀሚስ ሲሰፋ አየሁት። የአስር ሶላት ተሰግዶ ሲያበቃ ወንበር ላይ ቆሞ ቆርቆሮውን አወረደ፣ ቡሬን አወጣ፣ ወረቀት ዘረጋ። የቀለሙ ብልቃጥ ግን ደርቆ ታቹ ላይ ሰማያዊ ቅርፊት ብቻ ቀርቶ ነበር።

«ሐዋ፣ ሩጪ፣ ቀለም ይዘሽ ነይ።»

በዝናቡ ውስጥ ሮጥሁ። ባለ ሱቁ «በክረምት ቀለም ማን ይገዛል? ትምህርት ቤት ሲከፈት ነይ» አለኝ፤ ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ ነበሩ። ባዶ ብልቃጡን ጨብጬ እየተመለስሁ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴ ቀለም ጠፋ ካልሁት ከዚያ ወንበር ይነሣል፣ አንዴ ከተነሣ ደግሞ ዳግመኛ አይቀመጥም። በእስክሪብቶ ጻፉ ማለትም አይታሰብም ነበር፤ ሰዓዳ ቡሬን ትታ በእስክሪብቶ መጻፍ ከጀመረች ወዲህ አባቴ እስክሪብቶን የቂም መጻፊያ አድርጎ ያየው ነበር።

ቤት ስደርስ ዓይኔ ደጃፉ ጥግ የተደገፈው ሉሄ ላይ አረፈ። ሉህ ቁርአን ቤት የምንማርበት የእንጨት ሰሌዳ ነው፤ የምንጽፍበት ቀለም ከድስት ጥቀርሻና ከግራር ሙጫ ይበጠበጣል፣ ትምህርቱ በቃል ሲያዝም ታጥቦ እንዲለቅ ሆኖ የተሠራ ነው። የእኔ ቀለም አጠገቡ በትንሽ ጣሳ ነበር። ሳላስብ ጥቂት ውሃ ጨምሬ አቀጠንሁትና በአባቴ ብልቃጥ ገልብጬ አቀረብሁለት።

«ጥቁር ነውሳ?» አለ አባቴ፣ ብልቃጡን እያየ።

«ሌላ የላቸውም፣ አባ።»

የመጀመሪያ ውሸቴ ይሄ አልነበረም፣ እንደዚህ ያስፈራኝ ግን አልነበረም። አባቴ ቡሬን ሞላ። ዝናቡ ቆርቆሮ ጣራው ላይ እየወረደ፣ እሱ አንዲት መስመር ጽፎ ረጅም ጊዜ እየጠበቀ፣ እስከ መግሪብ ሁለት ገጽ ጻፈ። ሲጨርስ አራግቤ እንዳደርቀው ሰጠኝና ለሶላት ውዱእ ሊያደርግ ሄደ፤ እኔም አነበብሁት። ላይኛው እንደ ደንቡ ነበር፤ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ፣ እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፣ ዝናቡ ጥሩ ነው፣ የእናትሽ ጉልበት ይሻላታል፣ ይህን የምጽፍልሽ በቡሬ ነው ይላል። የመጨረሻው መስመር ግን እንዲህ ነበር፤ «ከትምህርትሽ ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ፣ አጥፍቻለሁ። አፉ በይኝ። መልስሽን እጠብቃለሁ።»

አፉ በይኝ ማለት ይቅር በይኝ ማለት ነው፤ ለእኔ ግን ልጅ ለአባት የሚለው እንጂ አባት ለልጅ የሚለው አልነበረም። ሁላችንም አባቴ ይቅር እንዲል ስንለምን እሱ ለካ የሚለምነው ይቅርታ ነበረው። ያላግባብ ያየሁ መስሎኝ አፈርሁ፣ ለእናቴም አልተናገርሁም። አባቴ ሰግዶ ሲመለስ የቀሚሱን የውስጥ ኪስ ፈትቶ ደብዳቤውን በአራት አጥፎ ከተተና መልሶ ሰፋው፤ ዘሃራ የሰው ደብዳቤ ለመክፈት እጇ ቀላል እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። «ኪሱን ትፍታው በያት» ብሎ ዘሃራን አደራ አላት፤ ቀሚሱም ከበርበሬና ከበሶ ጋር ታስሮ ሄደ።

ሁለት ሳምንት ሳይቆይ ቡሬ ደረቀ። አባቴ ለብ ባለ ውሃ ሦስት ቀን ዘፈዘፈው፣ በሐር ክር ፈተፈተው፣ ሲወጣ የጥቀርሻ ፍርፋሪ ሆነበት። አሸተተው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «ባለ ሱቁ የቁርአን ቤት ሸሃችሁን ቀለም መሸጥ ጀመረ እንዴ?» አለኝ፤ መሬት መሬት ሳይ ሳቀና ራሴን ዳበሰኝ። ያ ብዕር ከዚያ ወዲያ አልጻፈም፣ ስለ ደብዳቤው ግን እሱም እኔም ምንም አላሰብንም።

መልስ የመጣው በየካቲት ነበር። የዘሃራ እናት በረንዳው ላይ ቆማ፣ ልጇ ከሱቅ ስልክ ደውላ እንዳነጋገረቻት ነገረችን፤ «ሰዓዳ ደብዳቤው ደርሶኛል በሏቸው ብላለች» አለች።

«ሌላስ?» አለ አባቴ።

«ሌላ አላለች። ደርሶኛል ብቻ።»

«አልሐምዱሊላህ» ብሎ ፔዳሉን መርገጥ ቀጠለ። ክሩ አልቆበት እንደነበር ያየሁት እኔ ነኝ፤ መርፌው ያለ ክር ጨርቁን ሲወጋ ሲወጋ ቆየ፣ እሱም አላቆመም።

ዓርብና እጥበቱ ከጊዜ በኋላ ተመለሱ፣ አዳዲስ ብዕሮችም መጡ፤ ቀለም ስሞላና ሳጥብ ከአባቴ ጋር የምቀመጠው እኔ ሆንሁ። ከጅዳ ሰው መጣ ሲባል ግን አባቴ ሰበብ ፈልጎ ሄዶ ይጠይቅ ነበር፤ መልእክት አለ ወይ ሳይሆን፣ ደህና ናት ወይ ብቻ። ሁለተኛ አልጻፈም። እኔ በተራዬ ወልዲያ መማር ሲኖርብኝ ማንም ሳይጠይቀው ፍራሼን በራሱ ትከሻ ተሸክሞ አውቶቡስ ላይ ጫነልኝ፣ የተከራየሁትንም ክፍል በር ቁልፍ ሦስቴ ከፍቶ ዘግቶ ሞከረው። ሰዓዳ ከስድስት ዓመት በኋላ ሻንጣ ሞልታ ስትመጣ ጉልበቱን ስማ አለቀሰች፣ እሱም መረቃት፤ አግብታ መርሳ ቀረች፣ ወለደች። ዒድ በመጣ ቁጥር ሰላም ብላው ስትቀመጥ አባቴ አንድ ነገር የምትጨምር ይመስል ትንሽ ቆየት ብሎ ያያት ነበር። እኔም በልቤ እህቴን እቀየማት ነበር፤ አንዲት ቃል ምን ነበረበት፣ ልቧ እንዴት እንዲህ ደነደነ እያልሁ።

አባቴ ታሞ አልተኛም። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ከሱብሒ ሶላት ተመልሶ ጋደም እንዳለ ቀረ፤ አፉ ለመባባል ጊዜ አልሰጠንም።

ባለፈው ክረምት እኔና ሰዓዳ የአባቴን ዕቃ ልናይ መርሳ ቤት ተቀምጠን፣ እሷ ቡሬን ከቆርቆሮው አነሣችና ስትፈታው ጥቁር ብናኝ መዳፏ ላይ ወደቀ። አሸተተችው፣ ፈገግ አለች።

«ያን ደብዳቤ በዚህ ነው የጻፉልኝ፣ አይደል?»

«በእሱ ነው፣ እትዬ።»

«ዘሃራ ደብዳቤ አለ ብላ አልነገረችኝም። ቀሚሱ በርበሬ በርበሬ ሲለኝ ሳህን ውስጥ ዘፈዘፍሁት፣ ወዲያው ውሃው ጠቆረ። ኪሱን ብዳብስ ወረቀት ነው። አውጥቼ ባየው አንድ ፊደል አልቀረበትም፤ ሽታው ግን የሉህ ሽታ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ሳሙና አልጨመርሁም ነበር። አባ በሉህ ቀለም የጻፉልኝ እንድጠጣው ነው ብዬ፣ ቢስሚላህ ብዬ ጠጣሁት። ወላሂ በርበሬው ጉሮሮዬን ነው ያቃጠለኝ!»

ሳቅሁ፣ እሷም ሳቀች። በእኛ ዘንድ ሉህ የታጠበበት ውሃ እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም፤ የታመመና የተጨነቀ ይጠጣዋል። ሰዓዳ በሰው ቤት፣ በሰው አገር፣ ማንም በማያያት ማድ ቤት ቆማ የአባቷን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ጠጥታ፣ ምርቃት ነው ብላ አምና፣ በዚያው ኖራበታለች። «ከዚያ ቀን ወዲያ ፈርቼ አላውቅም» አለችኝ። ከዚያ መዳፏን እያራገፈች ጠየቀችኝ።

«አንቺ አንብበሽው ነበር ይሆን? አፉ ብዬሻለሁ ነው አይደል የሚለው?»

አዎ ብላት ምን ነበረበት? ብዙ ዓመት ያቆመቻትን ምርቃት አልነጥቃትም ነበር። ግን አባቴ ያለ ክር ሲሰፋ ትዝ አለኝና አልቻልሁም። ስለ ሱቁ፣ ስለ ጣሳው፣ ስለ ዋሸሁት ውሸት ነገርኋት፤ ከዚያ የመጨረሻውን መስመር፣ አንድም ቃል ሳልረሳ፣ አልሁላት።

ቡሬን መልሳ ገጠመችው።

«እኔስ ምን ብዬ መለስሁላቸው?» አለች በመጨረሻ።

«ደርሶኛል።»

«ያ ረቢ!» ብላ ተነሥታ ወደ በረንዳው ወጣች፤ ተከተልኋት። በጨርቅ የተሸፈነው የስፌት መኪና ላይ እጇን አኑራ፣ አላፊ አግዳሚው እስኪዞር ድረስ ጮክ ብላ፣ «አፉ ብያለሁ አባ! አፉ ብያለሁ! እርስዎም አፉ ይበሉኝ!» አለች። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። እኔንም የዚያኑ ዕለት አፉ አለችኝ፤ እኔ ግን ራሴን ገና አፉ አላልሁም።

አሁን ዘመኑ ሌላ ነው። ሰዓዳ ከመርሳ በቀን ሦስቴ ትደውልልኛለች፤ የላክሁት መልእክት መድረሱንም መነበቡንም ስልኩ ራሱ ይነግረኛል። እኔ ግን በብዕር መጻፍ አልተውሁም፣ የጻፍሁትም መድረሱን ብቻ ጠይቄ አልተውም፣ ምን እንደሚል ደውዬ እናገራለሁ። ባለፈው ሳምንት ልጄ ቀለም ደፋች ብዬ ተቆጣኋት፤ የደፋሁት እኔው እንደሆንሁ ቆይቶ ገባኝ። የቤት ሥራዋን የምትሠራበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ «አጥፍቻለሁ፣ አፉ በይኝ» አልኋት። ቀና እንኳን ሳትል «እሺ፣ አፉ ብያለሁ» አለችኝና መጻፏን ቀጠለች።

አባቴ ይህችን ቃል ከሃያ ዓመት በላይ ጠብቋታል።